ዝናብ ለምናውቅ፣ ብርድ ለማናውቅ፦ ከጅማ ወደ ባሌ የክረምት ጓዝ

የጅማን ሰው ስለ ዝናብ ማንም አያስተምረውም። እዚህ ከመጋቢት ጀምሮ ይጥላል፣ መስከረም ጠብቶም ቶሎ አይለቅም። በዓመት 1,500 ሚሊ ሜትር ገደማ የሚወርድበት አገር ነው። ጃንጥላ ከእጃችን አይጠፋም፤ ጭቃውንም ተላምደነዋል። ስለዚህ ትምህርት ቤት ተዘግቶ «ነሐሴ ላይ ባሌ እንውጣ» ሲባል የሚሰጋ የለም። «ዝናብ ነው? እሱንማ አብረነው አድገናል» ይባላል።

የሚያሳስበኝ ይሄ ነው። የጅማ ዝናብ የሚምር ዝናብ ነው። ከተማችን ያለችው ከባሕር ወለል በላይ 1,700 ሜትር አካባቢ ላይ ነው። ብትበሰብሱም ቤት ትገባላችሁ፣ ልብስ ትቀይራላችሁ፣ ቡና ይፈላል፣ አለቀ። የባሌው የሳነቴ አምባ ግን 4,000 ሜትር ላይ ነው። ከፍታ በጨመረ ቁጥር አየሩ በየ1,000 ሜትሩ በአማካይ 6 ዲግሪ ተኩል ያህል ይቀዘቅዛል። ጅማ ላይ 24 ዲግሪ በሆነበት ከሰዓት፣ ሳነቴ ላይ 9 ዲግሪ አካባቢ ነው ማለት ነው። ያውም ነፋሱ ሳይቆጠር። እዚያ ላይ ደግሞ ሮጠው የሚገቡበት ቤት የለም።

እኔ በየክረምቱ ከመምህራን ጓደኞቼ ጋር ስወጣ ጓዜን የምሸክፈው እርጥበትን እያሰብኩ ነው። ብርድን ደረቅ ልብስ ይመልሰዋል። የራሰ ልብስ ግን የቱንም ያህል ቢወፍር የሰውነትን ሙቀት ይመጥጣል። ውሃ ሙቀትን ከአየር 25 ጊዜ ያህል ፈጥኖ ያስተላልፋልና። ከዚህ በታች የምላችሁ ሁሉ ከዚህች ነገር የሚነሳ ነው።

ጂንስ ቤት ይቀመጥ፣ ጋቢ ይምጣ

እናቴ ሻንጣ ስሸክፍ አጠገቤ ቆማ «ጂንስሽን ልበሺ፣ ወፍራም ነው፤ ጋቢሽንም አትርሺ» ትለኛለች። የብዙ ቤት ምክር ነው። በጋቢው እስማማለሁ፣ በጂንሱ አልስማማም።

ጥጥ ውሃ ይጠጣል። ጂንስ አንዴ ከራሰ ይከብዳል፣ ጉልበት ላይ ይጣበቃል፣ ጭን ይልጣል። በክረምት ደጋ ላይ ደግሞ በአንድ ቀን አይደርቅም። በምትኩ ሁለት ስስ የፖሊስተር ሱሪ ያዙ። ተራ የስፖርት ቱታም ይሆናል። ቱታ ተጨምቆ ሲራገፍ አብዛኛው ውሃ ይወጣለታል። ነፋስ ካለ ሰውነት ላይ እንዳለም ይደርቃል። ቲሸርትም እንደዚሁ ነው። የምንወዳት ለስላሳዋ የጥጥ ቲሸርት ላብ ይዛ ትቀራለች፤ ቆም ባላችሁ ቁጥር ጀርባችሁን ታቀዘቅዘዋለች። የኳስ ማልያ ከእሷ በብዙ ይሻላል። በየቤቱ ስለማይጠፋም መግዛት አያስፈልግም።

ረጅም ቀሚስ የምትለብሱ እህቶች ቀሚሱን መተው የለባችሁም። ከሥሩ ታይት ልበሱ። ጠርዙን ደግሞ ከቁርጭምጭሚት ከፍ አድርጋችሁ አሳጥሩት ወይም እጠፉና ስፉት፤ ከሣሩ ውሃ ስቦ ወደ ላይ የሚያወጣው ጠርዙ ነው። ሂጃብ ወይም ሻሽ የምታደርጉ ሁለት ያዙ። አንዱ ሲርስ ወዲያው የሚቀየር ይኑር፤ ራስና አንገት ላይ የዋለ እርጥብ ጨርቅ ሙሉ ሰውነት ያንዘፈዝፋል።

ጋቢውን በተመለከተ ተራራ መውጣት ከሚያዘወትሩ ጓደኞቼ ጋር ሁሌ እንከራከራለን። «ይከብዳል፣ ቦታ ይይዛል» ይላሉ። ይከብዳል፣ እውነት ነው። ግን ሌሊት ድንኳን ውስጥ ስሊፒንግ ባግ ላይ ሲደረብ የሚሰጠውን ሙቀት ሌላ ነገር አይሰጠኝም። አራት ድርብ የእጅ ፈትል ነው፤ በድርቡ መሃል አየር ይይዛል። ጋቢ ግን ከጣሪያ ወይም ከድንኳን ውጭ አይወጣም። ቀን ተከናንባችሁት በካፊያ ከሄዳችሁ፣ ማታ ሁለት ሰው ይዞ የሚጨምቀው ውሃ ነው የምታገኙት።

መርካቶ ስትገቡ

ለተራራ የሚሆን ልብስ ለመግዛት አዲስ አበባ መሄድ አያስፈልግም። የኛው የመርካቶ ልባሽ ተራ ይበቃል። እንዲያውም ለዚህ ጉዳይ ከአዲሱ ይልቅ ሰልቫጁን እመርጣለሁ። ብዙው ብርድ ካለበት አገር የመጣ ነው፤ የተሰፋውም ለብርድ ነው። ቁም ነገሩ አመራረጡ ላይ ነው።

ሹራብ ስፈልግ መጀመሪያ አንገቱ ሥር ወይም ጎኑ ላይ የተሰፋችውን ጽሑፍ አነባለሁ። ሱፍ ወይም ፖሊስተር ከሆነ እይዘዋለሁ። ኮተን ከሆነ እመልሰዋለሁ። ጽሑፏ ብዙ ጊዜ ተቆርጣ ነው የምትገኘው። ያኔ ከውስጥ ስፌቱ ሳይሆን ከጨርቁ ጠርዝ አንዲት ክር እመዛለሁ፤ ባለቤቱን አስፈቅጄ፣ ከልብሱ ራቅ ብዬ በክብሪት እለኩሳታለሁ። ጥጥ እንደ ወረቀት ይነድና ብን የሚል አመድ ይሆናል። ፖሊስተር እየነደደ ይቀልጥና ሲበርድ ጠንካራ እንክብል ይሆናል። ሱፍ ደግሞ የተቃጠለ ፀጉር ይሸታል። ሱፍ ካገኛችሁ አትልቀቁት። እርጥብ ሆኖም እንኳ የተወሰነ ሙቀት ይይዛል።

ጃኬቱ ላይ ጊዜ እወስዳለሁ። ከሁሉም በላይ የሚያስከፋው መጥፎ ጃኬት ነው።

«እህቴ፣ ይሄ ውሃ የሚባል አያስገባም» ይለኛል ልጁ።

«እሺ ወንድሜ፣ እንሞክረዋ።»

ከያዝኩት ሃይላንድ ትንሽ ውሃ ትከሻው ላይ ጠብ አደርጋለሁ። ውሃው ተንከባሎ ከወረደ ጥሩ ነው። ተዘርግቶ ጨርቁን ካጠቆረው ልባሱ አልቋል። ቀጥሎ ጃኬቱን ገልብጬ ስፌቶቹን አያለሁ። ጥሩ የዝናብ ጃኬት በውስጥ በኩል ስፌቱ ላይ ስስ ላስቲክ ተለጥፎበታል፤ ዝናብ መጀመሪያ የሚገባው በመርፌ ቀዳዳ ነውና። ላስቲኩ ተልጦ ከተንጠለጠለ አልወስደውም። ከዚያ ጨርቁን አፌ ላይ ለጥፌ እነፋለሁ። ትንፋሼ ወዲያ ማዶ ለእጄ ከተሰማኝ የሳነቴ ነፋስም ይሰማኛል። በመጨረሻ ዚፑን ሦስት አራት ጊዜ ከላይ እስከ ታች አስኬደዋለሁ። ቆቡ መጎተቻ ገመድ ሊኖረው ይገባል። ገመድ የሌለው ቆብ ነፋስ ሲመጣ ወደ ኋላ ይወድቃል፣ ከዚያ ዝናቡን ወደ አንገት የሚያስገባ ቦይ ነው።

መጠኑ ከልካችሁ አንድ ቁጥር ከፍ ይበል። ሥሩ ሹራብ ይገባል። እዚያው ሱቁ ላይ ሹራቡን ለብሳችሁ ጃኬቱን ደርቡበትና እጃችሁን ወደ ላይ ዘርጉ። ወገባችሁ ከተገለጠ አጭር ነው።

እንዲህ ያለ ጃኬት ካልተገኘ ተራ የላስቲክ ፖንቾ ያዙ። ቦርሳችሁን ጭምር ስለሚሸፍን በአንድ በኩል ይሻላል። ላብ ግን ያምቃል። ነፋሱ እንዳያውለበልበው ወገብ ላይ በገመድ እሰሩት። ጃንጥላ ለሮቤና ለጎባ ከተማ ይሁናችሁ፤ ሜዳው ላይ ነፋሱ ይገለብጠዋል።

አለባበሱ

ሦስት ድርብ ይበቃል። ከሥር ማልያ ወይም ስስ የፖሊስተር ካናቴራ፣ መሃል የሱፍ ሹራብ ወይም ፀጉራም ጃኬት፣ ከላይ ዝናብና ነፋስ የሚመልሰው። አንድ ከባድ ካፖርት አትያዙ። ካፖርት ወይ ይለበሳል ወይ ይወልቃል፤ መሃል የለውም። የተራራ አየር ደግሞ በአንድ ቀን ብዙ ጊዜ ይቀያየራል። በክረምት ብዙውን ጊዜ ጠዋቱ ይከፈታል፣ ወደ እኩለ ቀን ደመና ይሰበሰባል፣ ከሰዓት ዝናብ ወይም በረዶ ይጥላል። በረዶው ሲጠና መሬቱ ነጭ ይሆናል፤ ትንሽ ቆይቶ ደግሞ ፀሐይ ወጥታ ታቀልጠዋለች።

አዲስ ሰው የሚቸገርበት የማውለቂያው ሰዓት ነው። ጠዋት ዲንሾ ላይ ስንነሳ ይበርዳል፤ ከ3,000 ሜትር በላይ ነውና። ሁሉም ያለውን ደርቦ መንገድ ይጀምራል። ዳገቱ ላይ በላብ ይጠመቃል። ከዚያ ለዕረፍት ሲቀመጥ ያ ላብ ቀዝቅዞ ያንቀጠቅጠዋል። ዝናብ ሳይነካው ራሱን አርሷል። ስለዚህ ስትነሱ ትንሽ ብርድ ብርድ ይበላችሁ። ሹራቡ ቦርሳ ውስጥ ይሁን። አሥር ደቂቃ ከሄዳችሁ በኋላ ትሞቃላችሁ። ስትቆሙ ደግሞ ብርዱ ሳይሰማችሁ በፊት ደርቡ። ፈረስ የሚስቡልንን አባት ልብ ብዬ አይቻቸዋለሁ። ቆም ባልን ቁጥር መጀመሪያ የሚያደርጉት ብርድ ልብሳቸውን ትከሻቸው ላይ መጣል ነው። ውሃ እንኳ የሚጠጡት ከዚያ በኋላ ነው።

የማታው ልብስ

ይሄን ክፍል ዘለል አድርጋችሁ እንዳታልፉት እለምናችኋለሁ።

ከጓዙ ሁሉ ተለይቶ አንድ ሙሉ ልብስ ለእንቅልፍ ብቻ ይቀመጣል። ሙሉ እጅጌ ያለው ካናቴራ፣ ወፍራም ታይት ወይም የውስጥ ሱሪ፣ ሹራብ፣ የሱፍ ካልሲ፣ የሱፍ ኮፍያ። ይሄ ልብስ ቀን አይለበስም። ሌላው ሁሉ ቢርስም አይለበስም። ጠዋት እርጥቡን ቱታ መልሶ መልበስ ያስጠላል፤ አውቃለሁ፣ እኔም ሁሌ ይከብደኛል። ግን ስትራመዱ ሰውነታችሁ ያሞቀዋል። ሌሊት ግን ተኝታችሁ የምትፈጥሩት ሙቀት ትንሽ ነው።

አስተሻሸጉ እንዲህ ነው። ልብሱን አንድ ላይ ጠቅልላችሁ ወፍራም ላስቲክ ውስጥ ክተቱ። ላስቲኩ ላይ በጉልበታችሁ ተጭናችሁ አየሩን አስወጡ። አፉን እስኪጠብቅ ጠምዝዙት፣ የተጠመዘዘውን ወደ ታች እጠፉት፣ ከዚያ በጎማ ወይም በጨርቅ ቁራጭ እሰሩት። ዝም ብሎ የተቋጠረ ላስቲክ ውሃ ያስገባል፤ ታጥፎ የታሰረ ግን አያስገባም። እሱን ደግሞ ሌላ ላስቲክ ውስጥ ክተቱና በተመሳሳይ መንገድ እሰሩት። ቤት ባልዲ ውሃ ውስጥ ደፍቃችሁ ሞክሩት። አረፋ ከወጣ ቀዳዳ አለው።

ባሌ ላይ ጓዝ በፈረስ ነው የሚጫነው። ፈረሱ ወንዝ ይሻገራል፣ በዝናብ ይሄዳል፣ አንዳንዴም ከነጭነቱ ሊንከባለል ያምረዋል። ስለዚህ ሻንጣውም ራሱ ልብስ ያስፈልገዋል። ከባለሱቅ ውስጡ ላስቲክ ያለው ማዳበሪያ ለምኑና አጥባችሁ አድርቁ። ቦርሳችሁን እንዳለ እዚያ ውስጥ ክተቱት። ጎማ ያለው ሻንጣ ይዛችሁ እንዳትመጡ፤ ፈረስ ላይ አይታሰርም።

እግር፣ እጅ፣ ራስ

ጫማው አዲስ አይሁን። ከጉዞው በፊት ጅሬን ድረስ በእግር ወጥታችሁ የአባ ጅፋርን ቤተ መንግሥት አይታችሁ ተመለሱ። ጫማው የሚልጥ ከሆነ እዚያ ዳገት ላይ ይታወቃል። የጎማ ቦት ለጭቃ ወደር የለውም፤ ለረጅም መንገድ ግን እግር ያልባል፣ ተረከዝም ይልጣል። ሸራ ጫማም አይሆንም። ሶሉ ጥርስ ያለው፣ ቁርጭምጭሚት የሚይዝ ቆዳ ጫማ ይሻላል። ለሰፈር ደግሞ ኮንጎ ጫማ ያዙ። ወንዝ ስትሻገሩበት አያሳዝንም፣ ወዲያው ይደርቃል፣ ማታ ካልሲ ላይም ይገባል።

ካልሲ አትሰስቱ። በሱሪ ቁጠቡ፣ በካልሲ ግን አትቁጠቡ። ጓንት ከሌላችሁ ወፍራም ካልሲ እጅ ላይ ይጠለቃል። ዝናብ ከሆነ በላዩ ላይ የዕቃ ማጠቢያ የጎማ ጓንት አድርጉ። መልኩ አያምርም፤ እጃችሁ ግን ዚፕ ለመክፈት ይታዘዛችኋል።

ፀሐይዋንም አትናቁ። አየሩ ስለሚቀዘቅዝ አታቃጥልም ብለን እንታለላለን። ከፍታው ላይ ጨረሩ ይበረታል፤ በስስ ደመናም ያልፋል። ዙሪያው ሰፊ ኮፍያ፣ ጥቁር መነጽር፣ የፀሐይ ቅባት ያዙ። ከንፈርና ጆሮ አይረሱ።

ስለ ማድረቅ

ከጉዞው በፊት ያለው ማድረቅ ይቅደም። ጅማ ላይ በነሐሴ የታጠበ ልብስ በሦስት ቀንም ላይደርቅ ይችላል። ዛሬ ማታ አጥቦ ነገ ሌሊት መሄድ የለም። ነካ ሲያደርጉት የደረቀ የሚመስል ልብስ ላስቲክ ውስጥ ሲገባ ይጠነባል፣ ይሻግታል። ሳምንት ቀደም ብላችሁ እጠቡ። ከዚያ ወገቡንና ብብቱን ጉንጫችሁ ላይ አድርጋችሁ ፈትሹ። ጉንጭ ከእጅ ይልቅ እርጥበት ይለያል።

እዚያ ከደረሳችሁ በኋላ የራሰ ጫማ ውስጥ ጋዜጣ ጠቅጥቁ፤ ሌሊት አንዴ ቀይሩለት። እሳት ዳር አታስጠጉት። ማስቲሹ ይለቅና ሶሉ መንገድ ላይ ይቀራል። እርጥብ ካልሲ ጨምቃችሁ ጋቢው ሥር ሆዳችሁ ላይ ብታስቀምጡት እስኪነጋ ይደርቃል፤ ደረቁን የሌሊት ልብስ እንዳይነካ ግን በመሃል ፎጣ አድርጉ።

አንድ ነገር ጠበቅ አድርጌ ልናገር። ልብስ ለማድረቅ ብላችሁ የከሰል ምድጃ መኝታ ክፍል ወይም ድንኳን ውስጥ አታስገቡ። ፍሙ የነጣ ቢሆንም፣ ጭስ ባይኖረውም አታስገቡ። የሚገድለው ጋዝ አይታይም፣ አይሸትም። ልብሱ እርጥብ ሆኖ ይደር።

ከመሃላችሁ አንዱ ያለማቋረጥ ከተንቀጠቀጠ፣ ቁልፍ መቆለፍ ካቃተው፣ ንግግሩ ከተጎተተ ብርዱ ወደ ውስጥ ገብቷል ማለት ነው። መንገዱን አቁሙ። ከነፋስ ከልላችሁ እርጥቡን ልብስ በሙሉ አውልቁለት፣ ያን የታሸገውን የማታ ልብስ አልብሱት፣ ስኳር የበዛበት ትኩስ ሻይ አጠጡት። ንቃቱ የቀነሰ ከሆነ ግን ምንም አታጠጡት፤ ጠቅልላችሁ ቶሎ ወደ ሕክምና ይሂድ። አረቄ አትስጡት። አረቄ የሚያሞቅ የሚመስለው ደሙን ወደ ቆዳ ስለሚያወጣው ነው፤ ሙቀቱ በዚያው ይወጣል።

መንገዱና የቦርሳው አናት

ከጅማ ባሌ የሁለት ቀን መንገድ ነው፤ እኛ አዲስ አበባ እናድራለን። ግቤ በረሃ ስንወርድ ይሞቃል። አዲስ አበባ ካፊያና ጭጋግ ይቀበለናል። አዳማ እንደገና ሙቀት ነው። ከአሰላ በኋላ በቆጂ፣ ዶዶላ፣ አዳባ እያለ ብርዱ ይመለሳል። ሻንጣው አውቶቡስ ጣሪያ ላይ ስለሚጫን ለመንገድ የሚደረበው ነገር ጉልበታችሁ ላይ ባለች ትንሽ ቦርሳ ይሁን። ጣሪያ ላይ ሲጫንም ማዳበሪያው ውስጥ እንዳለ ይጫን።

ለአራት ሌሊት እኔ የምይዘው ይሄ ነው፦ ከማታው ልብስ ሌላ ሁለት ማልያ፣ ሁለት ሱሪ፣ አንድ ሹራብ፣ አንድ ጃኬት፣ የውስጥ ልብስ፣ ካልሲ እንደልብ፣ ሻርፕ፣ ጋቢ። ከዚህ በላይ አያስፈልግም። ቦርሳውን ያለማንም እርዳታ ከመሬት አንስታችሁ ትከሻችሁ ላይ ማድረግ ካልቻላችሁ የሚቀነስ ነገር አለ።

አቀማመጡም ወሳኝ ነው። ከታች የማታው ልብስና ጋቢው፣ ከመሃል ቅያሪው፣ አናቱ ላይ ጃኬቱና ጓንቱ። ዝናብ ሲጀምር ሻንጣ ገልብጦ ጃኬት የሚፈልግ ሰው የፈለገውን እስኪያገኝ ሌላው ልብስ ሁሉ ይርሳል።

ከጎባ ተነስታችሁ ሳነቴን አቋርጣችሁ ወደ ሪራ ከወረዳችሁ ደግሞ ተዘጋጁ። የደጋ ተክሎቹ አስታውና ጅብራው አልቀው የሐረና ጫካ ሲጀምር አየሩ ይለሰልሳል። ወደ ታች የጫካ ቡና ጥላ ሥር ሲደረስ የጅማ ልጅ አገሩ የገባ ይመስለዋል። ጠዋት በሦስት ድርብ የተነሳችሁ ሰዎች እዚያ በማልያ ነው የምትሄዱት። ያወለቃችሁትን ጃኬት ግን ከታች አትቅበሩት፤ በዚያው ቀን ወደ ጎባ የምትመለሱ ከሆነ ሳነቴን ደግማችሁ ታቋርጣላችሁ፣ ያውም ከሰዓት በኋላ።

ለመልስ ጉዞ እርጥቡን ሁሉ ለብቻ ላስቲክ አድርጉና ጅማ በገባችሁበት ሌሊት ከላስቲኩ አውጥታችሁ በረንዳ ላይ ስጡት።